የእሁድ ቀለብተኞች

እሁድ ምሳ እህቴ ቤት መብላት ያቆምኩት የእህቴን ካንሰር ለመቀለብ ስል ነው። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ መጀመሪያ የቀለደችበትም እሷው ናት። ቀዶ ጥገና ስትደረግ እንቁላል ማምረቻዋ (ኦቫሪ) ላይ ከበቀለው ዕጢ ቁራጭ ለምርምር ሰጠች፤ ቁራጩን በበረዶ ዕቃ አቅፌ ወደ ላቦራቶሪያችን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሴሎቹ በላቦራቶሪው ሳህን ላይ እንዲኖሩ መብላት አለባቸው። ምግባቸው ቀይ ፈሳሽ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይቀየርላቸዋል፤ በዓል አያውቁ፣ እሁድ አያውቁ። ያኔ ሳህኑ ብዙ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ይፈጅብኝ ነበር።

“እኔ ምሳ ሠርቼ ስጠብቅሽ አንቺ ጠላቴን ታጎርሺልኛለሽ” አለችኝ። “ቀለብተኞችሽ” ብላ ስም ያወጣችላቸው ያን ዕለት ነው።

እትዬ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። እናታችን ስትሞት እሷ ራሷ ገና ልጅ ነበረች፤ ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝ፣ ሲያስፈልግም ጥፊ ያቀመሰችኝ እሷ ናት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የምትውጠውን ኪኒን ያስረዳኋትም በአውቶቡሷ ውስጥ ነው። ማንኛውም ሴል ዲ ኤን ኤው ሲበጠስ የሚጠግኑለት ፕሮቲኖች አሉት፤ አንዱ ቢጎድል ሌላው ይደርስለታል። የእሷ ካንሰር ግን ዋናውን ጠጋኝ አይሠራም። ጠጋኙን የሚያሠራው ጂን አልጠፋም፤ ጥቃቅን ኬሚካሎች ተለጥፈውበት ተዘግቷል። ኪኒኑ ደግሞ ሁለተኛውን ጠጋኝ ያስረዋል።

“ጎማው ፈንድቷል፣ ተቀያሪውን ደግሞ እኛ ወሰድንበት በያ” አለች።

“ልክ ነው።”

“እንግዲያው እዚያው ይገተር።”

ሳህኑ ላይም እንደዚያው ሆነ። መድኃኒቱን ስጨምርባቸው ሴሎቹ ረግፈው አለቁ። በማይክሮስኮፕ ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁ፤ ምንም የለም። በእኛ ሙያ ባዶ ሳህን ወዲያው አይጣልም። ባዶም ቢሆን ምግቡ እየተቀየረለት ለሳምንታት ይቆያል፤ ዓይን ያላገኛት አንዲት ሴል ልትኖር ትችላለችና። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ። ያን ዕለት ግን እትዬ ደውላ “ቀለብተኞቼ እንዴት ዋሉ?” ስትለኝ አፌ አላረፈም።

“የሉም፤ አልቀዋል። አንድም አልቀረም።”

ስታለቅስ ሰማኋት፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። በሳምንቱ ካንሰሩ መመለስ አለመመለሱ የሚታይበትን የስካን ቀጠሮዋን ለሌላ ጊዜ አስተላልፋ ወደ አውቶቡሷ መሪ ተመለሰች። “ካለቁ ምን ያስቸኩለኛል?” አለችኝ። ሳህን ሰውነት አይደለም ማለት ነበረብኝ። ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ደስታዋን ማበላሸት ፈራሁና ዋጥኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔ ደግሞ በወለምታው ላይ ዝምታ ጨመርኩበት፤ የሚከነክነኝም ዝምታው ነው።

ባዶውን ሳህን መቀለቤን ግን አልተውኩም። አንድ ሳህን ጊዜ አይወስድም፤ እሁድ በጠዋት ጨርሼ ምሳ እሷ ጋ እደርስ ነበር። ዓይኗን እያየሁ እስቃለሁ፣ እበላለሁ፤ ስካኑን አላነሳም።

አንድ ጠዋት ሳህኑ ጠርዝ ላይ የተሰበሰቡ ሴሎች አየሁ። መድኃኒቱ ውስጥ ተቀምጠው ይባዛሉ። አባዝቼ የጠጋኙን ፕሮቲን ፈተሽኩባቸው፤ ካለ በምርመራው ፊልም ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። ዓርብ ዕለት ወጣ። ጂኑን የዘጋው ልጥፍ ከጂኑ አንዱ ቅጂ ላይ ተነስቷል። እንደዚህ ሊያመልጡ ይችላሉ እያልኩ ስከራከር የከረምኩት እኔ ነበርኩ፤ አለቃችን ግን አላመነኝም ነበር።

“ልክ ነበርሽ” ብሎ እጄን ጨበጠኝ።

ደስ አለኝ። አልዋሽም፤ ከእግሬ እስከ ራሴ ደስ አለኝ፣ ጮክ ብዬም ሳቅሁ። ከዚያ ዓይኔ ሳህኑ ላይ አረፈ። ክዳኑ ላይ በራሴ እጅ “እትዬ” ብዬ ጽፌበታለሁ። ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ።

አለቃችን ገባው። “ሳህን ላይ ያየነው በሰውነቷ ውስጥ ሆኗል ማለት አይደለም” አለኝ።

“ሲያልቁ ነገርኳት እኮ። ያኔ ያላልኩትን አሁን ልበላት?”

“እንግዲያው ስካኑን ቶሎ ትነሳ። ለሐኪሟ እኔ እደውላለሁ። ለእሷ ግን አንቺ ንገሪያት።”

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አውቶቡሷን ፌርማታ ላይ ጠበቅኋት። ስታየኝ ፊቷ በራ። “ይቺን ሴት በነፃ አልጭንም፤ ጠርጥሬያታለሁ” ብላ ተሳፋሪውን አሳቀችው። ከኋላዋ ቆሜ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄድኩ። እያፏጨች ነበር የምትነዳው። ሰው ሁሉ ሲወርድ ሞተሩን አጠፋች።

“ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም።”

“እትዬ፣ አላለቁም።”

ዞር አላለችም፤ በመስታወቱ ውስጥ ነው የምታየኝ።

“ጥቂት ቀርተው ነበር። የተዘጋውን ጠጋኝ መልሰው ከፍተውታል፤ ኪኒኑ አይነካቸውም። አንቺ ውስጥ እንደዚያ ይሁን አይሁን አናውቅም። ግን ስካኑን ማስተላለፍ አልነበረብሽም። ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ።”

“መቼ አየሽ?”

“መስመሩን ትናንት።”

“አንቺ ስትከራከሪበት የከረምሽው ነገር ነው አይደል?”

“ነው።”

“ስታዪው ደስ አለሽ?”

ደስ አላለኝም ብል ማን ያውቅብኛል? ከእሷ በቀር ማንም።

“አለኝ” አልኳት።

እጇ መሪው ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ አዝራሩን ተጫነች፤ በሩ ተከፈተ።

“ውረጂ።”

“እትዬ፣ ሐኪምሽ ስካኑን ለሰኞ ይዞልሻል፤ አብሬሽ ልሂድ…”

“ሰኞ ብቻዬን እሄዳለሁ። ነገ እሁድ ነው፤ ሄደሽ ቀልቢያቸው። አሁን ብትተያቸው ነው የምቀየምሽ። በምን እንደሚሞቱ ዕወቂልኝ።”

ወረድኩ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። አውቶቡሱ ግን ወዲያው አልተነሳም፤ እኔም ዞሬ ለማየት ድፍረት አጣሁ።

እሁድ ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ሴሎቹን በብዙ ሳህን ከፋፈልኳቸው፤ ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ መድኃኒት ልሞክር ነው። ቀይ ፈሳሹን በቀስታ ጨመርኩላቸው። የእህቴን ገዳይ እየመገብኩ እጄ እንደ እናት እጅ ይሳሳል፤ ይህን ሳስተውል ራሴን ጠላሁ። ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ስልኬ ጮኸ።

“ቀለብተኞቹ በሉ?” አለች እትዬ። ድምፅዋ ደርቋል።

“በሉ።”

ከበስተኋላዋ ሳህን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ።

“አንቺስ በላሽ?”

አልበላሁም ልላት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። እሷም ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀችኝ።