ሽመላ በሰው ሰማይ

ሽመላ የሚለውን ስም ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት። እናትና አባታቸው በልጅነቱ ስለሞቱ፣ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችውም ያስተማረችውም እሷ ነበረች። እግሩ በየጊዜው ከሱሪው እየቀደመ ሲያስቸግራት «አንተን ከማልበስ ሽመላ ማልበስ ይቀላል» ትለው ነበር። አድጎ አብራሪ ሲሆን ደግሞ ስሙ ልክክ አለለት። ሥራው በድንበሩ አጠገብ ባለ የጥጥ እርሻ ላይ የተባይ መድኃኒት መርጨት ነው። ትንሿን አውሮፕላን ጥጡን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጎ ይነዳትና፣ ዛፎቹ ጋ ሲደርስ ሽቅብ ይመዘዛል። የእርሻው ሠራተኞች «ይሄን ሰውዬ አንድ ቀን ከዛፍ ላይ ነው የምናወርደው» እያሉ ይስቁበታል።

ጎረቤት አገር የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ፣ መጀመሪያ ለእሱ የሬዲዮ ወሬ ብቻ ነበር። ከዚያ ስደተኞች ድንበሩን ተሻግረው እርሻው ዳር ሰፈሩ። አንድ ቀን ለርጭት ተነሥቶ ዝቅ ሲል፣ የሞተሩን ድምፅ የሰሙት ሰዎች እየተንጋጉ ጥጡ ውስጥ ገቡ። አንዲት እናት ልጇን ከሥሯ አድርጋ ፊቷን አፈር ውስጥ ስትደፋ ከላይ ቁልጭ ብላ ታየችው። እሱን ነበር የፈራችው። መድኃኒቱን ሳይረጭ ተመልሶ አረፈ።

ያን ዕለት ምሳ ሳይቀምስ እህቱ ሱቅ ሄደ።

«ልሄድ ነው» አላት።

«የት?»

«ማዶ። የማዶው ከተማ ተከላካዮች የሚደበድቧቸውን አውሮፕላኖች የሚገጥምላቸው ሰው አጥተዋል። የውጭ ፈቃደኛ እየተቀበሉ ነው።»

የስፌት መኪናዋን አቆመች። «በሰው ጦርነት ምን ጥልቅ አደረገህ? አንተ አባጨጓሬ እንጂ ሰው ገድለህ ታውቃለህ?»

«እኔን አይተው ተደበቁ እኮ፣ እትዬ።»

ስለዚያች እናትና ስለ ልጇ ነገራት። ከዚያ እየረገመችው፣ እያለቀሰች፣ የወፍራም ጃኬቱን እጅጌ አስረዘመችለት።

ማዶ የጠበቀው የጦር ሰፈር ድሮ የከብት ግጦሽ የነበረ ሜዳ ነው። ተዋጊ አውሮፕላኖቹ ባለ አንድ ወንበር፣ ዘይት የሚተፉ አሮጌዎች ናቸው። እነሱን የሚጠግነው መካኒክ አጭርና ወፍራም ስለሆነ ሁሉም ድንቡሼ ይለዋል። ሽመላ የድንበር ልጅ በመሆኑ ቋንቋቸውን ይናገር ነበርና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተግባቡ።

«ይቺ አሮጊት ናት» አለው ድንቡሼ ክንፏን መታ መታ እያደረገ። «ካስቆጣሃት ታኮርፋለች፤ ካኮረፈች ደግሞ መሬት ለመሬት ነው የምትመጣው።»

የመጀመሪያው ውጊያ ከከተማው በላይ ሆነ። ቦምብ ጣዮቹ ከፍ ብለው ሲመጡ ሌሎቹ አብራሪዎች ከላይ ሲጠብቋቸው፣ ሽመላ እንደለመደው በጣሪያዎቹ ላይ እየታከከ ሄዶ ከሥር ብቅ አለ። የተኮሰበት አውሮፕላን ጎኑ ተቀደደ፤ አብራሪው እጁን ወደ ፊቱ ሲያነሳ አየው፤ ከዚያ እሳት ብቻ ሆነ።

ሲያርፍ የከተማው ሰው በትከሻው ተሸከመው። ከትከሻ ላይ እንደወረደ ከመጋዘኑ ጀርባ ሄዶ ብቻውን ተቀመጠ። ድንቡሼ ውኃ ይዞለት መጣ።

«ፊቱን ሊሸፍን ነበር» አለ ሽመላ።

«ዛሬ ከተማው ላይ ቦምብ አልወደቀም። ያንንም ይሄንንም አብረህ ያዝ። አንዱን ብቻ ከያዝክ ታብዳለህ።»

ያዘ። ወራት አለፉ፤ ዝናውም ወጣ። ፎቶው በጋዜጣ ወጣ፣ የጓድ መሪ ሆነ፣ አዲስ ለሚመጡት ዝቅ ብሎ መብረርን አስተማረ። ያስተማራቸው ግን አንድ በአንድ አለቁ፤ የምግብ አዳራሹ ጠረጴዛ ለተረፉት እየሰፋባቸው ሄደ። ወገናቸውም ወደ መሸነፉ አዘነበለ።

አንድ ቀን የጦር ሰፈሩ አዛዥ ጠርተው በዋናው መንገድ የሚገሰግሱትን የጠላት መኪናዎች እንዲመታ አዘዙት። አዛዡ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንቅልፍ አጥተው ዓይናቸው ደም የለበሰ ሰው ነበሩ። ሽመላ ሄደ። መንገዱ ላይ ግን ከወታደር መኪናዎቹ ጋር የሚሸሽ ሕዝብ ተደባልቋል፤ ፍራሽ የጫነ ጋሪ፣ ሽማግሌ ያዘለ ጎልማሳ። ሁለቴ ተመላለሰ። ሳይተኩስ ተመለሰ።

«መትረየስህ ነክሶ አልተኩስ አለህ?» አሉት አዛዡ።

«አልነከሰም።»

«ታዲያ እነዚያ መኪናዎች ነገ እዚህ ሲገቡ ምን ልትለኝ ነው?»

«ጌታዬ፣ ሰዉን ከመኪናው መለየት አቃተኝ።»

አዛዡ ጠረጴዛውን በጡጫ መቱትና ከበረራ አገዱት። ሽመላ ቅር አላለውም። ከድንቡሼ ጋር ነዳጅ እየቀዳ፣ ጎማ እየነፋ ሰነበተ። ሆኖም መኪናዎቹ በእርግጥም ሰፈሩ አጠገብ ደረሱ፤ ሊያግዷቸው ሲሞክሩ የወደቁት የገዛ ጓደኞቹ ናቸውና ይህን ሐሳብ ከራሱ ሊያወጣው አልቻለም።

ሜዳው በመድፍ ሲመታ መብረር የምትችል አንዲት አውሮፕላን፣ መብረር የሚችልም አንድ አብራሪ ቀርቶ ነበር። አዛዡ ራሳቸው መጡ።

«ውሰዳት። እጃቸው እንዳትገባ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ቁስለኞች አሉብኝ» አሉና እጁን ጨብጠውት ወደ ቁስለኞቹ ድንኳን ተመለሱ።

ሽመላ ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ሬዲዮ ነቅሎ ጣለና ድንቡሼን እዚያ ጎተተው።

«አልገባም!» አለ ድንቡሼ።

«ሆድህን ወደ ውስጥ ሳበው!»

«የት ውስጥ? ሙሉ ነው!»

እየገፋ፣ እየጠቀጠቀ አስገባው። በዛፎቹና በተኩሱ መሐል ሾልከው ድንበሩን አለፉ፤ ከእርሻው አየር ማረፊያ ሲወርዱ ፖሊስ ደረሰ።

ፍርድ ቤቱ ለባዕድ ጦር በመዋጋቱ እስር ፈረደበት፤ የበረራ ፈቃዱንም ለዘለቄታው ነጠቀው። ድንቡሼ ስደተኛ ተባለ። ሌላ የሚያውቀው ሰው ስለሌለ እህትዬው እያጉረመረመች ከሱቋ ጀርባ ያለውን ክፍል ሰጠችው። ሁለቱ አብረው እስር ቤት እየመጡ ይጠይቁት ጀመር። አንድ ቀን ግን ሁለቱም ዓይኑን ሸሹት።

«ምን ሆናችኋል?» አላቸው።

«ያው... የስፌት መኪናዋ ትንገራገጭ ነበር» አለ ድንቡሼ ላቡን እየጠረገ። «ጠገንኩላት። ከዚያ መቀሱንም ሳልኩላት...»

«ልንጋባ ነው» ብላ አቋረጠችው እህቱ። «ሳቅና አሳይሃለሁ!»

ሽመላ ሳቀ። ጠባቂው ዝም በል እስኪለው ሳቀ። ከጦርነቱ ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም ነበር።

ሲፈታ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ሆነ። ተሳፋሪ ሲያዋክበው አይቆጣም። ማዶ ሰላም ሲወርድ ድንቡሼ ሚስቱን ይዞ ዘመዶቹን ሊያይ ሄደ፤ እንደተመለሰም ቤቱ ሳይደርስ መናኸሪያው ድረስ መጣ።

«ስለ አዛዡ ጠየቅኩልህ» አለው። «ቁስለኞቹን ትቶ አልወጣም። እዚያው ድንኳኑ በር ላይ ገደሉት።»

ሽመላ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠና በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ አለቀሰ። ድንቡሼ አጠገቡ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። የተሳፈሩት ሰዎች ነገሩ ባይገባቸውም፣ ማንም ቶሎ በል አላለውም። ትንሽ ቆይቶ ተነሣ፣ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፣ ሞተሩን አስነሣ።