ጥላ የሌለው ጋሪ

«እስቲ ይሄ ነገር በየት በኩል ነው የሚታጠፈው?» አለች ዕፀገነት፣ የሕፃን ጋሪውን በሩ መሐል አንዴ በጎን አንዴ በቁም እየገለበጠች። ከኋላዋ የንፍሮ ሳህን የያዘች ጎረቤት ማለፊያ አጥታ ቆማለች። ከውጭ ደግሞ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡ ለቀስተኞች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«አይታጠፍም» አለች ብርነሽ፣ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ሳትነሳ።

«እንዴት አይታጠፍም? የሕፃን ጋሪ ሁሉ ይታጠፋል።»

«ይሄኛው አይታጠፍም፣ እታለም። የሚታጠፈውን ትተን ነው ይሄን የገዛነው።»

ዕፀገነት የመጨረሻውን አልሰማችም፤ ወይ እንዳልሰማች ሆነች። ጋሪውን እየጎተተች በጓሮ አዞረችና ከኩሽናው ጀርባ፣ ከማገዶው አጠገብ አስጠግታ ጆንያ አለበሰችው። ክፋት አልነበረም። ታላቅ እህት ናት። መርዶውን በሰማችበት ልብስ ከአርባ ምንጭ መጥታ፣ ከመጣች ጀምሮ ጎኗ ምድር አልነካም። እህቷ ጋሪውን ባየች ቁጥር እንዳትቃጠል ብላ ነው። ለብርነሽ ግን ልጇ ሁለተኛ የተቀበረ መሰላት።

ወንድይፍራው የተቀበረው ትናንት ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ስሙን በልጁ አያት፣ በገዛ አባቱ ስም ያወጣለት አባቱ ነው። ልጁ በእግሩ እንደማይቆም፣ አፍ እንደማይፈታ፣ አንገቱንም በወጉ እንደማይሸከም ሲታወቅ ግን አባትየው ለሥራ ብሎ ኦሞራቴ ወረደና እዚያው ሌላ ጎጆ ቀለሰ። ብርነሽ ስሙን አሳጥራ «ወንድዬ» አለችው። የልብስ ስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ የሰፈሩን ተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አሳደገችው። ዘንድሮ ዝናቡ ሲበረታ የሳንባ ምች ያዘውና ሳምንት ሳይሞላው ወሰደው።

መቼም ከንፈር መምጠጥ ቀረጥ ቢኖረው ኖሮ፣ የጂንካ ማዘጋጃ ቤት ከዚያ ቤት በሰበሰበው ብቻ አንድ መንገድ አስፋልት ያለብስ ነበር። የመጣው ይገባል፣ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ንፍሮውን ዘገን ያደርጋል፣ ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ ይጀምራል።

«እሱም ተገላገለ፣ እሷም ተገላገለች።»

«ምኑን ኖረው፣ የኔ እናት? ኑሮ ነው ያ?»

«ገና ልጅ እኮ ናት። ትዳርም ትይዛለች፣ ደህና ልጅ ትወልዳለች።»

ሹክሹክታ ነው እንግዲህ ይሄ። የለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ደግሞ ከደወል ይልቅ ይሰማል። ብርነሽ ሁሉንም ሰማች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ከዚህ ሁሉ ሰው አንዱ እንኳ ለወንድዬ እንዲያለቅስለት። ለእሷ አይደለም፤ ለእሷማ አገር ምድሩ አልቅሷል። ለእሱ፣ ሰው ሲሞት ለሰው እንደሚለቀሰው።

ዕፀገነት ጓሮውን ጨርሳ ተመለሰችና አጠገቧ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ብርዬ፣ ከዕድሩ ሰዎች ጋር ተነጋግሬያለሁ። ድንኳኑን ዛሬ ማምሻውን ያነሱታል።»

«ነገ ሰልስቱ አይደል እንዴ?»

«ነው። ግን የሕፃን ለቅሶ አይጎተትም። ልማዱም አይደለም። አንቺም ትንሽ ጋደም በይበት፣ ሰውነትሽ አልቋል።»

«ሕፃን አይደለም። መስከረም ሲጠባ አሥራ ሁለት ይሞላው ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ግን...»

ዕፀገነት የጀመረችውን አልጨረሰችም። ብትጨርሰው ይሻል ነበር። ብርነሽ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታያቸዋለች። መዳፎቿ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር፣ የጋሪው እጀታ ያደረቀው ቆዳ አለ። ልጇን ስትናፍቅ መጀመሪያ የናፈቃት ፊቱ አይደለም፤ ክብደቱ ነው። ዳገት ላይ ወደ ደረቷ የሚመለሰው፣ ቁልቁለት ላይ የሚጎትታት ያ ክብደት። እጇ ካለሱ የት እንደሚቀመጥ አላወቀም።

እስከ ስድስት ዓመቱ በአንቀልባ አዝላዋለች። ወገቧ እንቢ ሲል ነው የሙሐመድኑር ሱቅ የሄደችው። ሙሐመድኑር ቅዳሜ ገበያው አጠገብ ብርድ ልብስ፣ ባልዲ፣ ያገለገለ የቤት ዕቃ ከአዲስ አበባ እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ያን ሰሞን ከጭነቱ መሐል ሁለት የሕፃን ጋሪ መጥቶለት በረንዳው ላይ አቁሟቸዋል።

«ይሄኛው ሰማያዊው ባለ ጥላ ነው» አላት። «ጥላው እስከ ጉልበት ይወርዳል። መደገፊያው ከፈለግሽ ቀጥ፣ ከፈለግሽ ወደ ኋላ ጋለል ይላል። ቀበቶው ትከሻም ወገብም ይይዛል። በአንድ እጅሽ አጥፈሽ ባጃጅ ላይ ትጭኚዋለሽ።»

«ያኛውስ?»

«ያኛው...» አለና ድምፁ ቀነሰ፤ ነጋዴ አይደል። «ያኛው ባለ ሦስት ጎማ ነው። ጎማው ትልቅ ነው፣ በነፋስ ይሞላል። ፍሬኑም ደህና ነው። ጥላው ጠፍቷል። አይታጠፍም። ቀለሙን ደግሞ አንቺው ታይዋለሽ።»

ብርነሽ በርከክ ብላ የሁለቱንም ጎማ አዟዟረች። ፍሬናቸውን ረገጠች፣ ገፋች። የመቀመጫቸውን ጥልቀት በስንዝር ለካች። የሰማያዊው ጎማ ጠባብ ነው፤ የጂንካን ጠጠር እንደማይችለው ገብቷታል። ልቧ ግን ገና ድሮ ሰማያዊውን መርጧል። ብትጠየቅ አንገቱን የሚደግፍለት እሱ ነው ትል ነበር። ውሸት አይደለም፤ ሙሉውም እውነት አይደለም። ጥላው ወደታች ሲወርድ ውስጥ ያለውን ልጅ ማንም አያየውም፤ እሱን ነው የወደደችው። ሰው ዓይኑን ልጇ ላይ ሲጥል ያማታል።

«ልጅሽ ስንት ወሩ ነው?» አለ ሙሐመድኑር።

«ስድስት ዓመቱ ነው። አይራመድም።»

ከንፈሩን እስኪመጥ ጠበቀች። ሙሐመድኑር ጢሙን አሸት አሸት አደረገና «እንግዲያው ልጁን አምጪው» አላት። «ጫማ ሳይለካ ይገዛል እንዴ?»

ይሄን እያሰበች ሳለ እማማ ሙሉሽ ገቡ። እማማ ሙሉሽ የሰፈሩ አልቃሽ ናቸው። እሳቸው ያላለቀሱለት ሬሳ ጂንካ ላይ ግማሽ ቀብር ነው የተቀበረው ይባላል። ትናንት ካኮ ገበያ ሄደው ስለነበር ቀብሩ ላይ አልደረሱም። መቀነታቸውን አጥብቀው መሐል ቆሙ፤ ቤቱም ድንኳኑም ወደ እሳቸው ዞረ። እማማ ሙሉሽ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ፣ ዞረው ብርነሽ ፊት ቁጢጥ አሉ።

«ልጄ፣ ምን ብዬ ላልቅስለት?» አሏት። «ለአራሽ ሞፈሩን አነሳለሁ። ለነጋዴ ሚዛኑን፣ ለተማሪ ደብተሩን። ለዚህ ልጅ ምኑን ላንሳለት? ውሸት ደግሞ በሬሳ ላይ አልናገርም።»

ብርነሽ መልስ ነበራት። ደረቷ ሙሉ መልስ ነበራት። ግን የቱን አስቀድማ የቱን እንደምታስከትል ጠፋት። አንዲት ሴትዮ ከጥግ ከንፈሯን መጠጠች። ዕፀገነት ነገሩን ለመሸፈን ይመስላል «መልአክ ነበር በሏ፣ እማማ» አለች።

«መልአክ አልነበረም» አለ ከበሩ በኩል የወንድ ድምፅ።

ሙሐመድኑር ነው። ከወንዶቹ ጋር ድንኳኑ አፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ተነስቶ ኮፍያውን አስተካከለና ደፉ ላይ ቆመ።

«ሰው ነበር። የኔ ደንበኛ ነበር። ልናገር፣ እናቴ?»

«ተናገር» አሉ እማማ ሙሉሽ።

«ጋሪ ሊገዙ አዝላው መጣች። መጀመሪያ ባለ ጥላው ላይ አስቀመጠችውና ጥላውን አወረደች። ዝም አለ። ወዲያ ወዲህ ገፋችው፣ ዝም። "ተመችቶታል" አለችኝ። እኔም ዕቃዬ እንዲሸጥልኝ ነው፣ "በጣም ተመችቶታል" አልኩ። ከዚያ እንዲያው ለወጉ ያህል ባለ ሦስት ጎማው ላይ ሞከርነው። አንገቱን በፎጣ ደገፍንለት። የሱቄን ፊት ለፊት ታውቁታላችሁ፣ ጠጠር ነው። ጎማው ጠጠሩን ገና ሲይዝ ልጁ ሳቀ። ሳቅ ስላችሁ ፈገግታ አይደለም። ሰው ከየሱቁ ወጣ። ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ግማሹን የላጨውን ሰውዬ ጥሎ ወጣ።»

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ሳቅ አምልጦት በሳል ሸፈነው።

«ወደ ባለ ጥላው ስንመልሰው ያለቅሳል። ወደዚያኛው ሲመጣ ይስቃል። ደጋግመን ሞከርነው፣ ሐሳቡን አልለወጠም። ስንት ጤነኛ ሰው ሱቄ ይገባል፣ የሚፈልገውን ሳያውቅ ዕቃ አተረማምሶ ይወጣል። እሱ ግን ያውቅ ነበር። መነቅነቅ ይወዳል። ፀሐይ ይወዳል። ሰው ማየት ይወዳል። እናቱ የመረጠችለትን ትቶ የራሱን የገዛ ደንበኛዬ ነው የሞተብኝ።» ወደ ብርነሽ ዞረ። «አንቺን አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፣ እህቴ። እኔ የመጣሁት ግን ለእሱ ነው።»

ሙሐመድኑር ተመልሶ ተቀመጠ። እማማ ሙሉሽ ቀስ ብለው ተነሱ። እጃቸውን ከደረታቸው አንስተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በዚያ ጎርናና ድምፃቸው አወጡት፦

«ጥላ ያለው ቀርቶ ፀሐዩን መረጠ፣
እግር ያለው ቆሞ ወንድዬ ግን ሮጠ።»

ሴቶቹ ተቀበሉት። መጀመሪያ እንደ ልማድ፣ ከዚያ እንደ ራሳቸው ሐዘን። ሁሉም አይተውት ነበር እኮ። ጋሪው የተገዛ ቀን ብርነሽ በቀጥታ የሄደችው ከተማው መሐል ወዳለው አሮጌው የአውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ሜዳ የሆነ መሬት ጂንካ ላይ እሱ ብቻ ነበርና። ሣሩ ላይ ጫማዋ ከእግሯ እስኪወልቅ እየገፋችው ሮጠች። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ጨዋታቸውን አቁመው መንገድ ለቀቁላቸው። ወንድዬ አፉን ከፍቶ ነፋሱን ይጠጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያላየው የለም። ቅዳሜ ገበያ ማርና ቡና ይዘው የሚመጡት የአሪ ሴቶች በስሙ ይጠሩታል። እግሩ ሲረዝም ብየዳ ቤት ወስዳ የእግር ማሳረፊያውን አስቀጠለችለት፤ መቀመጫውን በዩኒፎርም ቁራጭ አሰፋችው። እንደምትደብቀው አስባ ገበያ የወጣች እናት፣ አገር ለአገር ይዛው ዞረች።

አሁን ሴቶቹ ያንን እያነሱ ያለቅሳሉ። «ሊታመም ሰሞን እኮ በደጄ አልፏል» ትላለች አንዷ። «እጄን ይዞ አለቅም ብሎኝ ነበር» ትላለች ሌላዋ። ብርነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ በለቅሶው መሐል ደስ የሚል ነገር ስላገኘች ደግሞ አፈረች። ናፍቆቱ አልቀለለላትም። ባሰባት እንጂ። ግን ብቻዋን አልነበረችም።

ሲመሻሽ የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሊያነሱ መጡ። ዕፀገነት ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ወጣች። ምን እንዳለቻቸው አልተሰማም፤ ድንኳኑ ግን አደረ።

በማግስቱ የሰልስቱ ጸሎት ደረሰና ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ተመለሱ። ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ላቁጧል። የቀብሩ ዕለት ብርነሽን ሁለት ሰው ደግፎ ስለነበር በየት እንደመጣች አታስታውስም፤ ዛሬ በራሷ እግር ነው የምትሄደው። ከሰፈሩ መታጠፊያ ላይ አቋራጭ አለ። ጎርፍ በቆፈረው ቦይ ላይ አንድ ግንድ ተጋድሟል፤ ሰው ሁሉ በዚያ ይሻገራል። ፊት ያሉት ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ግንዱ ሲያመሩ ብርነሽ ግን ወደ ግራ፣ ወደ ዙሪያው መንገድ ታጠፈች።

«ብርዬ፣ ወዴት ነው?» አለቻት ዕፀገነት። «በዚህ እኮ ይቀርባል።»

«በዚያ አናልፍም» አለች ብርነሽ ሳታስበው። «ግንዱ ጎማ አያሳልፍም።»

ካለችው በኋላ ነው የሰማችው። ባለችበት ቆመች። እጆቿ ከወገቧ ከፍ ብለው፣ ምንም ሳይዙ፣ ወደ ፊት ተዘርግተዋል። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ማንም ከንፈሩን አልመጠጠም።

ዕፀገነት ግንዱን አየች። የእህቷን እጆች አየች።

«እሺ» አለች። «በዚያው እንዞራለን።»

ቀድማት መንገዱን ጀመረች። ሌሎቹም ከግንዱ ተመልሰው ከኋላ ተከተሉ። ጥቂት እንደሄዱ ዝናቡ ከላይ ያወረደው ድንጋይ መንገዱ መሐል ተቀምጧል። ዕፀገነት ጎንበስ አለች፣ ድንጋዩን በሁለት እጇ አንስታ ከዳር አስቀመጠችው፣ ጭቃውን ከእጇ ጠረገችና መንገዷን ቀጠለች።