እህቴ የሚል ወረቀት

ጸሐይወርቅ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከበሩ ኋላ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም፣ አባቷና ጎረቤታቸው በድንበር ሲከራከሩ ሰምታ ነበር። ጎረቤትየው «ማልና ውሰደው» ይላል። አባቷ በመጨረሻ ያሉት አንድ ቃል ነው፤ «ይቅር።» መሬቱ ይቅርብኝ ማለታቸው ይሁን፣ ይቅር ብዬሃለሁ ማለታቸው፣ እስከ ዛሬ አልለየላትም። መሬቱ ግን በዚያው ሄደ።

አሁን ሃምሳ ዓመቷ ነው። በሰው አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብርሃነሽ ከምትባል ያገር ልጅ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ቤቱ የተያዘው በብርሃነሽ ስም ነው፤ ባለሕንፃው ደግሞ ክፍል ማከራየት ከልክሏል። ስለዚህ ገና የመጀመሪያ ቀን፣ «ስምሽ በዚህ በር እንዳይገባ። ደብዳቤ የለም፣ ባንክ የለም» አለቻት። ጸሐይወርቅም «እሺ እህቴ» ብላ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሆነ። ፍሪጁ መካከል ላይ ፕላስተር ተለጠፈ፤ ግራው የአንዷ፣ ቀኙ የሌላዋ። ጸሐይወርቅ ውዳሴዋን ስትጀምር ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። ብርሃነሽ ነገር ሲኖራት የምታናግረው ግድግዳውን ነው። ጸሐይወርቅ ሁሉን ሰምታ «እሺ እህቴ» ትላለች።

በሁዳዴ መግቢያ አንገቷ ላይ እብጠት ወጣ። አንድ ነጻ ክሊኒክ ውስጥ ያየቻት ሐኪም በጣቷ ዳስሳ ፊቷን አጠቆረች፤ ናሙና መወሰድ አለበት፣ ለዚያ ደግሞ የጤና ካርድ ያስፈልጋል፣ አታዘግዪው አለቻት። ጸሐይወርቅ ፓስፖርቷንና የነዋሪነት ወረቀቷን ይዛ ካርዱ የሚሰጥበት ቢሮ ሄደች። ከመስታወቱ ኋላ ያለው ሰውዬ ስሟና አድራሻዋ አንድ ላይ ያለበት ወረቀት ጠየቃት። እንደሌላት ስትነግረው፣ ደንቆሮ እንደሚያናግር ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላትና ወረቀቶቿን በመስታወቱ ሥር ገፋቸው። «ኔክስት» ብሎ ቀጣዩን ባለተራ ጠራ።

ስሟን በቤቱ እንድታስመዘግብላት ብርሃነሽን ለመነቻት።

«አንቺ ካርድ ልታወጪ እኔ ከቤቴ ልውጣ?» አለቻት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። እብጠቱ ከሻርፑ በላይ መታየት ሲጀምር፣ ብርሃነሽ እቤቴ ሞታ ፖሊስ ታመጣብኛለች ብላ ፈራችና ብልሃት ፈለገች። ብሉር መንገድ ላይ፣ ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ወረቀት የሚሞላና መሐላ የሚያስፈጽም ዘመድኩን የሚባል ሰው አለ። ባለሕንፃው ተከራይ እንጂ ዘመድ አይከለክልም። እህትማማች ነን ብለው ከማሉ የሕንፃው ቢሮ ጸሐይወርቅን ይመዘግባል፣ ወረቀትም ይሰጣታል።

ዘመድኩን መጽሐፍ ቅዱሱን ወደ ጸሐይወርቅ አስጠጋ።

«እትዬ፣ እጅዎን እዚህ ላይ ያድርጉ።»

መጀመሪያ በአማርኛ እንዲያነብላት ጠየቀችው። አነበበላት። የአባት ስማቸው አልገጥም ስላለው በእናት አገናኝቷቸዋል፤ ከአንድ ማኅፀን የወጡ፣ ኪራይ የማይከፋፈሉ እህትማማቾች ይላል። ጸሐይወርቅ እጇን ወደ ጭኗ መለሰች።

«ይህን አልምልም።»

ዘመድኩን በእንግሊዝኛ የተማለ እላይ ቤት አይሰማም ብሎ ሊያስቅ ሞከረ፤ የሳቀለት የለም።

«ሰባት ወር ሙሉ እህቴ፣ እህቴ ስትዪኝ አልነበረም?» አለች ብርሃነሽ። «ያኔ ውሸትሽን ነበር?»

ነገሩ ጸሐይወርቅን ወጋት፤ ለሰላም ብላ እንጂ በፍቅር ብላው አታውቅማ።

«ያኔ የምለው ለአንቺ ነበር» አለች። «ይሄ በእግዜር ፊት ነው።»

«እንግዲያው አንገትሽን ይዘሽ ጽደቂ።»

በአውቶቡሱ አንዷ ፊት፣ አንዷ ኋላ ተቀምጠው ተመለሱ። እቤት ሲገቡ ጸሐይወርቅ ሻርፏን ሳትፈታ ኪችኑ በር ላይ ቆመች። ሰኞ የሕንፃው ቢሮ ሄዳ ተከራይ ነኝ ብላ ወረቀት እንደምትጠይቅ ነገረቻት።

«እያስፈራራሽኝ ነው?»

«የለም። ተደብቄ መሄድ አቅቶኝ አይደለም። ቀድመሽ እንድታውቂ ብዬ ነው።»

ብርሃነሽ ፍሪጁ ላይ ያለውን ፕላስተር በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። ሌላ ሰው ምስጢሯን ከሚያወጣባት ራሷ ብታስመዘግብ እንደሚሻል እያሰላች መሆኑን ጸሐይወርቅ ከአኳኋኗ አወቀች።

«ካርዱ እጅሽ በገባ ማግስት ክፍሌን ትለቂያለሽ» አለች ብርሃነሽ ለግድግዳው። «እህቴ የምትዪውንም ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ።»

«ይቅር» አለች ጸሐይወርቅ።

«ምኑ ነው የሚቀረው? ክፍሉ ነው እህቴ ማለቱ?»

ጸሐይወርቅ ሻርፏን መፍታት ጀመረች። ብርሃነሽ መሳቢያውን በኃይል ስባ እስክሪብቶ አወጣች።

«የአባትሽ ስም ማነው?»

«ሙሉነህ።»

መዳፏ ላይ ጻፈችው። ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት የሕንፃው ቢሮ አብራት ልትገባ፣ «ተከራይ» ብላ አስመዝግባም ልትፈርምላት ተስማማች።