የተረፈው ጅራት

ሲፈን ስሱን ነጭ ሜምብሬን፣ ፕሮቲኖቻችን የተጣበቁበትን ወረቀት መሰል ነገር፣ በጉጠት ይዛ ስታጥበው ጫፉ ታጠፈ። «ቀስ በይ፣ ይቀደዳል! ሌላ አንቲቦዲ እኮ የለንም!» ብዬ ጮህኩባት። የብልቃጡን ታች ጠርገን ያወጣናትን የመጨረሻ ጠብታ እዚያው ሜምብሬን ላይ አፍስሰናታል። ወልቂጤ ባለችው ትንሽ ቤተ ሙከራችን አንቲቦዲ እንደ ጨው ከጎረቤት አይበደሩትም።

ከሳምንታት በፊት ጉንችሬ፣ የሲፈን አባት ጋሽ ባልቻ ደጅ፣ ሁለት እንሰት ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ነበር። የግብርና ባለሙያው በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ «የታመመውን ከነሥሩ ነቅላችሁ ቅበሩ» ብሎ ነበር። ሲፈን ግን በስልክ፣ «ቆይ አባዬ፣ ጤነኛውንም አብረህ እንዳትጨርሰው። ቅጠሉ ሳይገረጣ በሽታውን የሚለይ መመርመሪያ እየሠራን ነው። የትኛውን እንደምትነቅል እኔ እነግርሃለሁ» አለቻቸው። የተማረች ልጅ ተናግራ! ሰውዬው መቆፈሪያቸውን ግድግዳ አስደገፉ። የቤቱ ቆጮ ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ጓሮ ነው።

ለመመርመሪያው ከበሽታው ተህዋሲ አንድ ፕሮቲን ያስፈልገናል። ዘረ-መሉን ወስደን ጉዳት የሌለው ባክቴሪያ ውስጥ አስገባንና ፕሮቲኑን እንዲሠራልን አደረግን። ከሌሎቹ ፕሮቲኖች መሀል እንድንለየውም ጅራቱ ላይ ትንሽ ምልክት ቀጠልንለት። አንቲቦዲው የሚያውቀው ያንን ምልክት ብቻ ነው፤ ሄዶ ይጣበቅበታል፣ ማቅለሚያ ሲነካው መስመር ይወጣል። ፕሮቲኖቹ ሜምብሬኑ ላይ የሚሰለፉት በመጠናቸው ነው፤ ሙሉው ፕሮቲን ትልቅ ስለሆነ መስመሩ ከላይ ይቀራል፤ ቁርጥራጭ ከሆነ ወደ ታች ይወርዳል። እስካሁን የሞከርነው ሁሉ ባዶ ነጭ ነበር።

ማቅለሚያውን ጨመርኩ። ትንሽ ቆይቶ ቡናማ መስመር ብቅ አለ።

«ሙንታሲር! ወጣ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም ወላሂ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። ከዚያ ዓይኔ ከመስመሩ ጎን ባለው መጠን መለኪያ ላይ አረፈ። መስመሩ ከታች ነው፤ ከሜምብሬኑ ጫፍ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ፕሮቲናችን ባክቴሪያው ውስጥ ተቆራርጦ አልቋል፤ ምልክቱ ብቻ ተርፏል። ላሙን ጅብ በልቶበት ጅራቷን እንዳገኘ ሰው ቆመን ቀረን።

«ከላይ ነው በለኝ» አለች።

«ሲፈን...»

«ከላይ ነው በለኝ!»

ጣቴን ከመስመሩ ሥር አሳረፍኩ። ተናድጃለሁ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ስልኳ ጠራ። እጇ እርጥብ ስለነበር እኔ አንስቼ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩላት።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ባልቻ፣ «የጓሮዎቹም መገርጣት ጀምረዋል። ጎረቤት ያሉትም እኔን እያዩ ሳይነቅሉ ቆይተው አሁን ያማርራሉ። ያ ምርመራሽ ደረሰ?»

«አልደረሰም አባዬ። አይደርስም። ንቀል።»

ሰውዬው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። መቆፈሪያውን ከግድግዳው ሲያነሱ ኮሽታው ተሰማኝ።

«እሺ ልጄ» አሉ፣ «የትኛውን ልንቀል?»

ሲፈን ሜምብሬኑን አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሁሉንም።»