መኪና፦ አክስታችን

የአልበሙን ጀርባ እንድጽፍ የተፈረደብኝ እኔ ነኝ። «ነገር ማንዛዛት ስለምትወድ ምስጋናውን አንተ ጻፍ» አሉኝና መዳፍ የምታህል ወረቀት ሰጡኝ። ማንዛዛት እንደምወድ እያወቁ መዳፍ የምታህል ወረቀት መስጠት ተንኮል ካልሆነ ምን ይባላል? እዚያ ላይ አልበቃ ያለኝን እዚህ ልጻፈው።

የሮክ ባንድ ነን፤ አራት ሰው። ግጥም የምትጽፈውና የምትዘፍነው ታናሽ እህቴ ናት፤ በሥራ ቀን አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ድራም የሚመታው ጎማ ጠጋኝ ስለሆነ ጎሚስታው እንለዋለን። ሳምንቱን ሙሉ ጎማ ሲደበድብ ሰንብቶ እሁድ ድራም የሚደበድብበትን ጉልበት ከየት እንደሚያመጣው እንጃለት። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ፋርማሲስት ነው፤ በቀን የሚናገረው መድኃኒት ካርቶን ላይ ከሚጽፈው አይበልጥም። እኔ ጊታር እጫወታለሁ። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነውና ገመድ ያለው ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይገፋል፤ ቀረጻውም በዚሁ ሰበብ የእኔ ሥራ ሆነ። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

አሳታሚ የለንም፣ ስቱዲዮም የለንም። ያለን የአክስቴ የልብስ ስፌት ቤት የኋላ ክፍል ነው። እናታችን ስትሞት እኔ የዘጠኝ፣ እህቴ የስድስት ዓመት ልጆች ነበርን፤ እትዬ የምንላት ይህችው አክስታችን ወስዳ አሳደገችን። የኋላው ክፍል ጣቃ ጨርቅ እስከ ጣሪያ የተደረደረበት ስለሆነ ድምፅ አያስተጋባም። ጎሚስታው መጀመሪያ የመጣ ቀን መሀል ቆሞ አንዴ አጨበጨበና «ይሄ ክፍል ድምፅ ይበላል!» አለ።

«ሌላ የሚበላ ነገር የለውም፤ እሱን ይብላ» አለች እትዬ ከፊተኛው ክፍል፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ዘፈን የምንሠራው እንዲህ ነው። እህቴ የተማሪ ደብተር ስታርም አንድ መስመር ይመጣላትና የእትዬን የልኬት ወረቀት ቁራጭ አንስታ ትጽፈዋለች። እኔ ጊታር እፈልግለታለሁ። ጎሚስታው ጠረጴዛ ይደበድባል። ፋርማሲስቱ ራሱን ከነቀነቀ እንደገና እንጀምራለን። የምንገናኘው እሁድ እሁድ ብቻ ስለሆነ አንዱ ዘፈን ሁለት ወር ይፈጃል፣ አንዳንዱም በዚያው ይቀራል።

ለቀረጻ አንድ ሕግ ነበረን። የእትዬ መኪና በእግር የሚረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና ነው፤ ድምፁ በግድግዳ ያልፋል። ስለዚህ ስንቀዳ የበሩ እጀታ ላይ ቀይ ብጣሽ ጨርቅ እናንጠለጥላለን። እትዬ ቀዩን ስታይ እግሯን ከፔዳሉ ታነሳለች፤ ጨርቁ ሲወርድ ትቀጥላለች። ቀረጻው በፈጀው ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተችም። የደንበኛ ሠርግ ቀርቦ፣ ቀሚሱ ሳያልቅ፣ እጇን አጣምራ የእኛን ጩኸት ያዳመጠችበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ጊዜም ፊቷን አላጠቆረችብንም። እንዲህ ያለ አክስት የሰጠኝን አምላክ በየትኛው ወረቀት አመስግኜ እጨርሳለሁ?

ዘጠኝ ዘፈን ቀድተን አንድ ሲቀረን የእህቴ ድምፅ ይሻክር ጀመር። በትምህርት ቤት ጩኸት አሳበብን። ሐኪሙ ግን ጉሮሮዋ ውስጥ፣ የድምፅ አውታሯ ላይ፣ እብጠት አየ። «ሰኞ እናወጣዋለን። ማውራት ትችያለሽ፤ የዘፈኑን ነገር ግን ቃል አልገባልሽም» አላት።

የቀረን ዘፈን «ልኬት» ነበር። እትዬ በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል በር ላይ አቁማ ትለካን ነበር፤ ከትከሻ እስከ አንጓ፣ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት። «ውይ፣ ደግሞ ረዘምክ! ምን በልተህ ነው?» ትለኛለች፣ ያበላችኝ እሷ ራሷ ሆና። እህቴ ይህን ነው የጻፈችው። የዘፈኑ ጫፍ አንድ ቃል ነው፤ ድምፅዋ ሊደርስ የሚችለው የመጨረሻው ከፍታ ላይ ወጥታ «አደግሁልሽ» ትላለች። ለማን እንደሆነ ለእትዬ አልነገረቻትም። እትዬም ከወዲያኛው ክፍል ስምንት ወር ብትሰማው፣ ጎሚስታው እያለ ቃል ለይቶ መስማት ዘበት ነው።

ሳምንቱን እህቴ ትንፍሽ ሳትል ሰነበተች። ተማሪዎቿን በሰሌዳ ጽሑፍ አስተማረች። እሁድ ከሰዓት በኋላ መጥታ በሹክሹክታ «አንዴ ብቻ ነው የምዘፍነው። ሁለተኛ አይወጣልኝም» አለችን።

የእኛን የሙዚቃ መሣሪያ አስቀድመን ቀድተን ስለነበር የቀረው የእሷ ድምፅ ብቻ ነው። መቅጃችን የሚቀበለው ሁለት ማይክ ነው፤ ለእያንዳንዱም የራሱ ቀይ ቁልፍ አለው። ያን ዕለት ጠዋት ጎሚስታው «ለአንዱ ዘፈን መግቢያ የእትዬን መኪና እንቅዳ» ብሎ ስለነበር አንደኛውን ማይክ መኪናው ሥር አስቀምጠነው ነበር። ሁለተኛውን እህቴ ፊት አቆምኩት። የጆሮ ማዳመጫ አደረገች። «በሩን ገርበብ አድርጉልኝ፣ ታፈንኩ» አለች። ጎሚስታው ከፈተላት። እኔ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ።

ሙዚቃው ለአራታችንም በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚሰማን። ከክፍሉ ወደ ውጭ የሚወጣው ባዶ ድምፅዋ ብቻ ነው። እንደዚያ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም። ጎሚስታው ጣቃው ላይ ተቀምጦ እንባውን በጥቁር መዳፉ ሲጠርግ ፊቱን በግራሶ ለቀለቀው። «አደግሁልሽ» ያለችበት ቦታ ላይ እኔም ከጎሚስታው አልተሻልኩም። ስትጨርስ ሳል ያዛት፤ ከዚያ በኋላ ድምፅዋ የለም፣ ተዘጋ። ወረቀት አንስታ «ተቀዳ?» ብላ ጻፈች።

«ተቀድቷል!» አልኳት አፌን ሞልቼ። የመቅጃው መብራት ሲዘል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምን ያጠራጥረኛል?

እትዬን እቅፍ አድርጋ ሳመቻትና ለሆስፒታል ዕቃዋን ልታሰናዳ ሄደች። እኛ ልንሰማው ተሰበሰብን።

ጠቅ-ጠቅ-ጠቅ-ጠቅ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ጎሚስታው።

«መኪናው ነው።»

«የምን መኪና?»

«የእትዬ!»

የጠዋቱን የአንደኛውን ማይክ ቁልፍ ነበር የተጫንኩት። የእህቴ ማይክ አንዲት ትንፋሽ እንኳ አልቀዳም። ግን እትዬ ለምን አላቆመችም? እጄን ኪሴ ስከተው ቀዩ ብጣሽ ጨርቅ አለ። ማንጠልጠል ረስቼዋለሁ። ቆሌዬ ተገፈፈ። ስምንት ወር፣ የመጨረሻዋ ድምፅ፣ ነገ ቢላዋ፣ እኔ ደግሞ ስፌት ቀድቻለሁ! ራሴን የምሰድብበት ቃል ሲያልቅብኝ ጣቃ ጨርቅ መርገጥ ጀመርኩ።

ፋርማሲስቱ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። «ጨምረው» አለ።

«ምኑን?»

«ድምፁን።»

ጨመርኩት። ከመኪናው ኋላ፣ ገርበብ ባለው በር አልፎ፣ ድምፅዋ አለ። ራቅ ያለ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። ጎሚስታው ድራሙን ክፈተው አለኝ። ከፈትኩት። ሦስታችንም ተያየን። መኪናው ከድራሙ ጋር ይሄዳል! ስንቀዳ ያልሰማነው ለካ በማዳመጫችን ያለው ድራም ሸፍኖት ነው። ስምንት ወር ከወዲያ ስትሰማ የዘፈኑ ምት እግሯ ውስጥ ገብቶ፣ እትዬ ሳታውቀው በልካችን እየረገጠች ነው። ጎሚስታው ተነስቶ ወደ ፊተኛው ክፍል አንገቱን አሰገገ።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ከእኔ ይበልጥ ምት ይጠብቃሉ!»

«ምን አጠፋሁ ደግሞ?» አለች እትዬ ደንግጣ።

አንድ ቦታ ብቻ መኪናው ይቆማል። «አደግሁልሽ» ሲባል ቀጥ ይላል፤ ለአራት ምት እህቴ ብቻዋን ትቀራለች፤ ከዚያ መኪናው ይመለሳል። የመኪናውን ነገር እንዳለ ለእትዬ ነገርናትና «እዚህ ጋ ለምን ቆምሽ?» አልኳት።

«ክር ተበጥሶብኝ ነው» አለችና ጎንበስ ብላ መርፌዋን ትፈልግ ጀመር።

ለእህቴ ከቀዶ ጥገናው በፊት አልነገርኳትም። ፈራሁ እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ማክሰኞ ሆስፒታል ሄጄ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። እኔ የመጨረሻ ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው የአልጋውን ብረት ይዣለሁ። ስትጨርስ ደብተሯን ሳበች።

«መኪናው ምንድን ነው?»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ቁልፉን፣ ቀዩን ጨርቅ፣ «ተቀድቷል» ብዬ መፎከሬን። መጨረሻ ላይ «ካልፈለግሽው እናጠፋዋለን» አልኩ። አፍጥጣ አየችኝና በትልቁ ጻፈች፦ «ብትነካው ውርድ ከራሴ!» ከሥሩም በትንሹ፦ «ለምን ቆመች?»

«ክር ተበጥሶባት ነው።»

እህቴ ደብተሩን ዘጋችው። ያላመነች ጊዜ እንደዚያ ነው የምታደርገው።

አልበሙን ራሳችን አወጣነው። ቅዳሜ ጠዋት ኢንተርኔት ላይ ጫንን፤ የጎሚስታው ደንበኛ እናት እንኳ ሳትቀር ለምናውቀው ሁሉ በስልክ ላክን። ስልሳ ሲዲም አባዛን። እትዬ ከኮት ገበርና ከቀሚስ ትራፊ ለእያንዳንዱ ማኅደር ሰፋችለት፤ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። በዚያች መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ ሁላችንንም ከነሥራችን ዘረዘርኩ፦ ድምፅ፣ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም። ቀጥዬም «መኪና፦ አክስታችን» ብዬ ጻፍኩ። ምስጋና የሚባለው ክፍል ቦታ አጣ።

በወሩ አንድ የራዲዮ አዘጋጅ «ልኬትን» ሊያሰማ መሆኑን ነገረን። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ስፌት ቤቱ ተሰበሰብን። ያን ሳምንት ሐኪሙ ለእህቴ ማውራት ፈቅዶላት ነበር። ድምፅዋ ወርዷል፤ ወፍሯል፤ ሐኪሙ «መዝፈን ትዘፍኛለሽ፣ ላይኛው ግን አይመለስም» ብሏታል። ይህን ስትነግረን አላለቀሰችም። እኔ ግን ውጭ ወጥቼ አልቅሻለሁ።

አዘጋጁ ስማችንን አነበበና «በነገራችን ላይ የዚህ ባንድ ሾፌር አክስታቸው ናቸው፤ ጀግና ሴት! መኪናውን የሚነዱት እሳቸው ናቸው» አለ። ጎሚስታው በሳቅ ከጣቃው ላይ ወደቀ።

«ኧረ በሕግ! መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝ!» አለች እትዬ። ደንበኛ ይጠብቃታልና መኪናዋን እየረገጠች ነበር።

ዘፈኑ ተጀመረ። በራዲዮው የዚያን ቀኗ እትዬ ትረግጣለች፤ ፊታችን የዛሬዋ ትረግጣለች፤ ሁለቱ አንድ ሆነው ይሄዳሉ። «አደግሁልሽ» ሲል ራዲዮው ውስጥ መኪናው ቆመ። ፊታችንም ያለው ቆመ። የእትዬ እግር ከፔዳሉ ተነስቶ አየር ላይ ቀርቷል።

እህቴ ወደ ጠረጴዛው ቀረበችና በአዲሱ ወፍራም ድምፅዋ «እትዬ፣ ክሩ ዛሬም ተበጠሰ?» አለቻት።

እትዬ ጨርቁን በመዳፏ አስተካከለች፣ መልሳ አስተካከለች።

«ክሩማ መቼ ተበጥሶ ያውቃል» አለች። «ሁልጊዜ በከበሮው ጩኸት ቃሉ አይሰማኝም ነበር። ያን ቀን ብቻሽን ሰማሁሽ። የእኔ መሆኑን ሳውቅ እግሬ እምቢ አለኝ፣ ልጄ።»