አልተኛም ያለው ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ አመል አውጥቷል። አስተኝታው ዞር ስትል ይነቃል። ማንም ሳይነካው ከሳሎኑ ጥግ ስክሪኑ ቦግ ይላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅበት ነበር። አሁን ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ለታላቅ ወንድሟ የጀመረችው ደብዳቤ ነው፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ የአባቷ ወንበር አለ።

ሐኪሙ የነገራት አባቷ ልብሱን እስኪለብስ ኮሪደር ላይ አስቁሟት ነው። ሕመሙ የሚድን አይደለም፤ ቢበዛ እስከ ዓመቱ መጨረሻ። "ለእሱም ንገሪው" ብሏት ነበር። ምን ብላ? ከሰማ ሐሞቱ ይፈሳል፣ የምግብ ፍላጎቱም ይዘጋል ብላ ፈራች። "ደም ማነስ ነው አለ" ብላ ዋሸችው፤ እሱም "ደህና" አለ። ከዚያ ወዲህ ሳምንት ሙሉ ደብዳቤውን ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች። የአባቷ ከዘራ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ፈጥና ኮምፒውተሩን ታስተኛለች። ደብዳቤውን ዘግታ ብትነሳ ምን ነበረበት? የተጨነቀ ሰው ግን ቀላሉ መላ አይታየውም። የይለፍ ቃል ማስገባቱንም አላሰበችው፤ አባቷ ኮምፒውተር አይነካማ።

ሠላሳ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚነት የሠራ ሰው ነው፤ የሚያምነው ወረቀትና ቀይ እስክሪብቶውን ብቻ ነው። ስሕተት አምልጦ ከታተመ የእርማት ዝርዝር በትንሽ ወረቀት ጽፎ መጽሐፉ ውስጥ ያስገባ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ ፈርሞ ግን አያውቅም። "ሁለተኛ ካላነበብኩ እጄ እሺ አይለኝም" ይላል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እሷ ሸሚዙን ስትተኩስ፣ እሱ ወንበሩ ላይ ጋዜጣ ሲያገላብጥ፣ ስክሪኑ ቦግ አለ። ካውያውን እዚያው ትታ ሮጠች፤ በጀርባዋ ከለለችው።

"ምን ሆንሽ ልጄ?"

"ምንም አባዬ፣ የሥራ ነገር ነው።"

"ሸሚዜ እየተቃጠለ ነው" አለና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

በማግስቱ አባቷ ገላውን ሊታጠብ ሲገባ ሰፈሩ "መፍቻው" የሚለውን የኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራችው።

"ቆይ፣ መጨረሻ ላይ ማን እንደቀሰቀሰው ራሱን ልጠይቀው" ብሎ የሆነ ነገር ጻፈ። "ይኸው! ማውሱ ነው። ጠረጴዛው ትንሽ ሲነቃነቅ ይቀሰቅሰዋል። በዚያ ላይ አፕዴት ልፈልግ ብሎ በሰዓቱ ይነሳል። ኔትወርኩም አላስተኛ ብሎታል።"

"አጥፋልኝ፣ ሁሉንም አጥፋልኝ።"

አንድ በአንድ አጠፋቸው። "በቃ እህቴ፣ አሁን ከዚህ ማብሪያ ቁልፍ በቀር የሚቀሰቅሰው የለም። ሰው ካልተጫነው እስከ ከነገ ወዲያም ይተኛልሻል።"

በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዋን በወጉ በላች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ኮምፒውተሩን አስተኝታ መድኃኒት ልትገዛ ወጣች። ስትመለስ የሳሎኑን በር ከፈተችና እጇ እጀታው ላይ ቀረ። ስክሪኑ በርቷል። ደብዳቤው ወለል ብሎ ይታያል።

መጀመሪያ በመፍቻው ተናደደች፤ አፉን ሞልቶ ነበር እኮ የነገራት። ከዚያ የተናገረው ትዝ አላት። ሰው ካልተጫነው። ቤት ውስጥ ከአባቷ በቀር ሰው አልነበረም። እሱ ወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል፤ ከዘራው ጭኑ ላይ ተጋድሟል።

ኪቦርዱ ላይ የእጅ መዳፍ የምታክል ወረቀት ተቀምጣለች፤ በቀይ እስክሪብቶ፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ።

"የእርማት ዝርዝር። ሦስተኛው መስመር፦ ዕድሜው 'ሰባ ሦስት' የሚለው 'ሰባ አራት' ተብሎ ይነበብ። አምስተኛው መስመር፦ 'አባዬ ምንም አያውቅም' የሚለው 'ያውቃል' ተብሎ ይነበብ። የመጨረሻው መስመር፣ 'ቶሎ ናልን' የሚለው ትክክል ነው። ሁለት ጊዜ ተነቧል። ይላክ።"

ከሥሩ ፈርሞበታል።

ሁለተኛው ንባብ የዛሬው ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ማክሰኞ ዕለት ስክሪኑ ቦግ ሲል አንብቦታል ማለት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እያወቀ፣ ያቀረበችለትን ሁሉ እየበላ፣ እሷ እንዳትደነግጥ ዝም ብሎ ከርሟል። እሷ ለእሱ ስትፈራ እሱ ለእሷ ይፈራ ነበር። እንባዋ ኪቦርዱ ላይ ተንጠባጠበ። በእጅጌዋ ጠራርጋ ተቀመጠችና እንደታዘዘችው አርማ ላከችው።

"ላክሽው?" አለ አባቷ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"ላክሁት አባዬ።"

"ዕድሜዬንም አስተካከልሽ?"

"አስተካክያለሁ።"

"ደህና" አለና አጠገቡ ያለውን ወንበር በከዘራው ወደ ራሱ ሳብ አደረገላት።