የመስኩ ድምፅ

እህቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በውኃ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ የሠራችው ሥራ ማዳመጥ ነበር። ከተማው ሳይነቃ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ቁመቷን የሚያህል የብረት ዘንግ ይዛ ትወጣለች። የዘንጉን ሹል ጫፍ መሬት ላይ ተክላ በላይኛው ጫፍ ያለውን ክብ እንጨት ጆሮዋ ላይ ትለጥፋለች። ከአስፋልቱ ሥር የተቀበረ ቧንቧ የሆነ ቦታ ተሰንጥቆ ከሆነ ውኃው ሲያፈተልክ ትሰማዋለች። ቦታው ላይ በኖራ ምልክት ታደርግና ታልፋለች፤ ቆፋሪዎቹ ሲመጡ ምልክቱን አይተው ይቆፍራሉ። ከአንድ ክንድ በላይ ስታ አታውቅም ይላሉ አብረዋት የሠሩት።

የሰፈሩ ሰው ስለዚህ "እትዬ ጆሮ" ይላታል። እሷ ባለችበት ሐሜት አይወራም የሚል ቀልድም ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ የሰው ወሬ እምብዛም አይገባትም። እኔ ታናሽ ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ወሬ ስሰማ እውላለሁ። በቤተሰባችን ወሬ የማመጣው እኔ ነኝ፣ ዝም ብላ የምትቀመጠው እሷ።

ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ዓመት፣ ከከተማው ዳር ያለው ትልቁ መስክ ላይ ቤት ሊሠራ ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቤት። መስኩ ከመጨረሻው የአውቶቡስ ፌርማታ ተነስቶ እስከ ኮረብታው ግርጌ ይደርሳል፤ ሣሩ በበጋም አይደርቅም። ማስታወቂያው ላይ ያለው ሥዕል ግን ሣር የሚባል የለበትም፣ እንደ ጥርስ የተደረደሩ ጣሪያዎች ብቻ። በስድስት ዓመት ውስጥ በዚያው አቅጣጫ ሦስት አዳዲስ መንደሮች በቅለዋል። መንገዱ ያው አንድ ነው፣ ትምህርት ቤቱም ያው አንድ። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ እጅህን ኪስህ ለመክተት እንኳ የጎረቤትህን ፈቃድ መጠየቅ ነው።

ያም ሆኖ ወሬው ሲሰማ ብዙ ሰው ደስ አለው። አንዷ የኔ ልጅ ነበረች። ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ከእጮኛዋ ጋር ለአንዱ ቤት ተመዝግባለች። ሥዕሉን መኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ ለጥፋ፣ የኛ ነው ባለችው ጣሪያ ዙሪያ በቀይ እስክሪብቶ ትንሽ ክብ አድርጋበታለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እህቴ ሱቄ መጣች። ወንበሩ ላይ የሰፈራችን ፋርማሲስት ተቀምጦ ማጅራቱን እያስተካከልኩለት ነበር። ጥቂት ቆማ ጠበቀችና፣ "ለምክር ቤት ልወዳደር ተመዝግቤ መምጣቴ ነው" አለች።

ቶንዶሱን አጠፋሁት። "የትኛው ምክር ቤት?"

"የከተማው ነዋ። የኛ ቀጠና አንድ ወንበር አለው።"

ፋርማሲስቱ በመስታወቱ ውስጥ አያት። "እንግዲያው ተፎካካሪዬ ሆኑ ማለት ነው" አላት። እሱም ለዚያው ወንበር ይወዳደር ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ መራመድ ላቃተው በሽተኛ መድኃኒቱን ራሱ ቤት ድረስ የሚያደርስ፣ ንግግር የሚያውቅ፣ የተከበረ ሰው ነው። "ምን ይዘው ነው የሚቀርቡት?"

"መስኩ ላይ ቤት አይሠራም። ሌላ ቦታ ይሠራ። እዚያም ቢሆን መጀመሪያ መንገዱና ትምህርት ቤቱ፣ ከዚያ ቤቱ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

እውነትም የምርጫ ፕሮግራሟ ከግማሽ ገጽ አያልፍም ነበር። ፋርማሲስቱ ሲወጣ፣ "እትዬ፣ ምን ነክቶሽ ነው?" አልኳት።

"ከመስኩ ሥር ውኃ አለ።"

"ውኃ የሌለበት የት አለ?"

"እንደሱ አይደለም" አለችና ቃል ጠፍቷት እጇን አየር ላይ አንዴ ከፈት፣ አንዴ ዘርጋ አደረገች። "ትልቅ ነው" ብላ ሄደች።

ቤት ስገባ ልጄ ወሬውን ሰምታ ጠበቀችኝ። "አባዬ፣ አክስቴ ቤቴን ልታፈርስ ነው የምትወዳደረው?"

"ያልተሠራ ቤት እንዴት ይፈርሳል" ብዬ ነገሩን ወደ ቀልድ ልወስደው ሞከርኩ። አልሳቀችም።

ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዕጩዎቹን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አከራከሯቸው። ፋርማሲስቱ ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገረ። "ልጆቻችን የት ይኑሩ? እኛ ጣሪያ አግኝተናልና እነሱ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ቤት ይግፉ?" ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ልጄም አጨበጨበች። ሐቅ ነው የተናገረው፤ እኔም እንዳላጨበጭብ ጉልበቴን ይዤ ነው የተቀመጥኩት።

የእህቴ ተራ ደረሰ። ተነሳች፤ ወረቀቷን ዘረጋች፤ አጠፈችው። "ሠላሳ አንድ ዓመት..." አለችና ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እንደገና "ሠላሳ አንድ ዓመት" አለች። ከኋላ አንዱ "መልካም ልደት" ብሎ አሳቀባት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እሷ ግን አልተቀየመችም። "መናገሩን አልችልበትም" አለች። "ቅዳሜ ጠዋት መስኩ ላይ ኑ። አሰማችኋለሁ።" ከዚያ ተቀመጠች። በቃ፣ ያ ነበር ንግግሯ።

ቅዳሜ ሠላሳ ሰው የሚሆን መጣ። ግማሹ ሊያፌዝ እንደመጣ ከፊቱ ያስታውቃል። ፋርማሲስቱም ነጭ ሱሪ ለብሶ መጥቷል፤ ልጄ እጆቿን አጣምራ ከሁሉም ራቅ ብላ ቆማለች። እህቴ ቀድማ ደርሳ ሣሩ ላይ በኖራ ነጥብ ነጥብ አድርጋ ነበር፤ ነጥቦቹ ከኮረብታው ግርጌ ጀምረው መስኩን እየተጣመሙ አቋርጠው ወደ ከተማው ይሄዳሉ። ስልክ አጥፉ አለች፤ ማንም እንዳይንቀሳቀስም ነገረችን። ዘንጉን አንዱ ነጥብ ላይ ተከለችው።

መጀመሪያ የቀረበው ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ አዳራሹ ውስጥ "መልካም ልደት" ያለው እሱ ነበር። ወደኛ እየጠቀሰ ጎንበስ አለና ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጠፈ። ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀስ እያለ ከፊቱ ሄደ። አንዱ "ምንድነው?" ሲለው ዝም በል እንደማለት መዳፉን ዘረጋበት፤ ዓይኑን ግን ከመሬቱ አላነሳም። ሲነሳ ሄዶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

ሰው አንድ በአንድ መጠጋት ጀመረ። የኔ ተራ ሲደርስ መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ደም ነው፤ ድው ድው ይላል። ቀጥሎ ከሩቅ ከባድ መኪና የሚመጣ መሰለኝ። እስኪያልፍ ብጠብቅ አላልፍ አለ። ያኔ ነው የገባኝ። ከሥሬ፣ በጣም ከታች፣ ውኃ ይሄዳል፤ መንጠባጠብ አይደለም፣ የምንጭ ድምፅም አይደለም፣ ብዙ ሕዝብ በአንድነት የሚራመድ ይመስላል። ድምፁ ያስተጋባል። ማስተጋባቱ ነው ያስፈራኝ፤ የሚያስተጋባው ባዶ ቦታ ሲኖር ነዋ። ፀሐይ አይቶት የማያውቅ፣ ማንም ያልገባበት አዳራሽ ከእግሬ በታች አለ፤ ውኃው ከአንዱ ጫፍ ይገባል፣ ከሆነ ከፍታ ይወርዳል፣ ይሄዳል። እኔ በዚህ ሣር ላይ ኳስ የተጫወትኩ፣ ከሚስቴ ጋር የተጫጨሁ ሰው ነኝ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እሱ ሥራውን ሲሠራ እኔ ከላይ ስረግጠው ኖሬአለሁ። ከዚያ በኋላ እግሬን ሳነሳና ሳስቀምጥ ሰው እንደተኛበት ክፍል በቀስታ ነበር።

ፋርማሲስቱ በነጭ ሱሪው ተንበርክኮ ከሁላችንም በላይ ቆየ። ሲነሳ ጉልበቱ አረንጓዴ ሆኗል። "ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?" አላት።

"ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የፌርማታው ቧንቧ ያፈሳል ብለው ልከውኝ ነው ያገኘሁት።"

"ለማን ተናገሩ?"

"ለአለቃዬ ሁለት ጊዜ ጽፌአለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።"

የመጨረሻዋ ልጄ ነበረች። አልሰማም ትላለች ብዬ ነበር፤ መጣችና አዳመጠች። ሲበቃት ዘንጉን ለአክስቷ መለሰችላት። "ባልሰማው ይሻለኝ ነበር" አለችና ወደ ፌርማታው ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቷን አኮረፈች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሦስት መቶ በላይ ሰው መጣ። ሰልፉ ፌርማታው ድረስ ደርሶ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ይዞ መስኩ ጸጥ ማለቱ ይገርም ነበር፤ ሕፃን ያዘለ ሰው ሳይቀር ያንሾካሹካል። የአውቶቡሱ ሾፌር ማንም ሳይነግረው ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ተሰለፈ።

እህቴ በስድሳ ሦስት ድምፅ አሸነፈች። ፋርማሲስቱ መጥቶ እጇን ጨበጠ። ፀጉሩን ሊስተካከል ሲመጣ ለማን እንደመረጠ ጠየቅኩት። "ድምፅ ምስጢር ነው" ብሎኝ ዓይኑን ጨፈነ።

ምክር ቤት መግባት ግን ሌላ ጣጣ ነው። የቤት ሠሪው ኩባንያ ጠበቆች "በጆሮ የተሰማ ነገር ማስረጃ አይሆንም" አሉ። ምክር ቤቱ ሲጨቃጨቅ ከረመና ጉዳዩ ይጠና ብሎ ከዩኒቨርሲቲ አንድ የከርሰ ምድር ባለሙያ አስመጣ። ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰውዬ ነው፤ ከእህቴ ጋር ገና በመጀመሪያው ቀን ተግባቡ፣ ሁለቱም አይናገሩማ። እሱ እንዳስረዳን ምድሩ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ውኃ በሺህ ዓመታት ይቦረቡረዋል። ከከተማው ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ተራራው ላይ አንድ ወንዝ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። እዚያ ላይ ቢጠጡት የማይጎዳ አረንጓዴ ቀለም እንጨምርና የት እንደሚወጣ እንይ አለ። መስኩ ላይም ከኖራው ነጥብ በአንዱ ቀጭን ጉድጓድ አስቆፈረ። "አንድ ወር ሊፈጅ ይችላል" አለን። "ጭራሽ ላይወጣም ይችላል።"

ቀለሙ በተጨመረ በሰባተኛው ቀን መስኩ ላይ ካለው ጉድጓድ አረንጓዴ ውኃ ተቀዳ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ፤ ድምፅዋ እንደወትሮው አልነበረም። "እስቲ ና፣ ይሄን እይልኝ" አለች። ከግቢዋ ጉድጓድ የቀዳችው ባልዲ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ውኃው አረንጓዴ ሆኗል፤ ሣር የሚመስል ሳይሆን፣ ከውስጡ መብራት የተበራበት የሚመስል አረንጓዴ። ሮጬ የራሴን ጉድጓድ ቀዳሁ። ያው ነው። የዳቦ ጋጋሪው፣ የትምህርት ቤቱ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው ምንጭ፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆነዋል። ሰው ብርጭቆና ጆግ ይዞ ወደ መንገድ ወጣ። ሁሉም ውኃውን ወደ ሰማይ አንስቶ ያየዋል። የሚጮህ የለም። የተጣሉ ጎረቤታሞች ብርጭቆ ለብርጭቆ አስጠግተው ቀለሙን ሲያነጻጽሩ አየሁ።

ባለሙያው በየቤቱ እየዞረ በጠርሙስ ይወስድ ነበር። ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ይወጣል ብሎ ነበር የገመተው። አርባ ሰባተኛውን ጠርሙስ ሞልቶ መዝጋቱን ስለረሳ ክዳኑን እኔ ዘጋሁለት። ሱቄ ደጃፍ ላይ ተቀመጠና፣ "ከተማው በሙሉ የሚጠጣው አንድ ውኃ ነው" አለኝ። "ሁሉም በመስኩ ሥር አልፎ ነው የሚመጣው። እዚያ ላይ ቤት ቢሠራ ፍሳሹ የሁላችሁም ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።"

ከቀትር በኋላ እህቴ ቤት ሄድኩ። ልጄ ቀድማኝ ደርሳ አገኘኋት፤ ከሥራ በቀጥታ መጥታ የነርስ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ከአምስት ወር በኋላ የአክስቷን ቤት መጀመሪያ የረገጠችው ያን ቀን ነው። ከሆስፒታሉ ምንጭ የቀዳችውን ብርጭቆ መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ያዩታል።

"በሽተኞቹ ሁሉ መስኮት ላይ ቆመው ምንጩን ሲያዩ ዋሉ" አለቻት። "አክስቴ፣ ይሄን ሁሉ ታውቂ ነበር?"

እህቴ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። "እኔ መስኩ ሥር ብቻ ያለ መስሎኝ ነበር" አለች። "ይሄን ሁሉ ዓመት ከቤቴ ሥር ሲያልፍ አንድ ቀን አልሰማሁትም።" ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ልጄ የአክስቷን እጅ ያዘች። እኔም ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ፀሐይዋ እስክትዞር ድረስ ብርጭቆውን ስናይ ቆየን።

የመስኩ ዕቅድ በዚያ ወር ተሰረዘ። አራት መቶ ቤቶች በድሮው የጡብ ፋብሪካ ግቢ፣ ከመንገዱና ከትምህርት ቤቱ ጋር እንዲሠሩ ተወሰነ። ልጄና ባሏ ተራቸው እስኪደርስ ሁለት ዓመት ከሱቄ በላይ ባለችው ክፍል ኖሩ፤ ጠበባቸው፣ አንዳንዴም አማረሩ፣ እኔም አልፈርድባቸውም። አረንጓዴው ግን በታየ በሦስተኛው ቀን ጠፍቶ፣ ውኃው እንደ ድሮው ጠርቶ መቀዳት ጀመረ።